ዘንጉን ማንም አይንካ

ሰውን ለትዳር የመመዘኛው መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ዘር ይቆጥራል፤ ሌላው ሥራና ደመወዝ ይጠይቃል፤ ከጎረቤት የሚያጠያይቅም አለ። ጋሽ ኃይለመስቀል ግን ባሕር ዳር ወስደው ዓሣ ያስጠምዳሉ።

«ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ጨዋ የማይሆን ማን አለ?» ይላሉ። «እኔ ሰውን የማየው ዓሣ ሲያመልጠው ነው።»

እኚህ ሰው በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። አሁን አትላንታ አጠገብ፣ ዲኬተር ውስጥ የነዳጅ ማደያ አላቸው። የወንድማቸውን ልጅ ዳኛቸውን ከሱዳን ስፖንሰር አድርገው ያመጡት፣ አሜሪካን ያለማመዱትም እሳቸው ናቸው። ኑሯቸው ቢለወጥም ባሕሩን አልተዉትም። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ትልልቁ ዓሣ ወደ ጆርጂያ ዳርቻ ይጠጋል፤ እሳቸውም የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን መኪና ላይ አስረው ይወርዳሉ። ጉዱ ወቅቱ ከጽጌ ጾም ጋር መግጠሙ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ሞልቷል፤ እሳቸው ግን አይበሉም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲያጠምዱ ይውሉና ያጠመዱትን ሁሉ ወደ ባሕሩ መልሰው ይለቃሉ። የአትላንታ አበሻ በዚህ እስኪበቃው ስቆባቸዋል፤ እሳቸው ደንታም የላቸው።

እንግዲህ በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳኛቸው ወደ ኤልፍነሽ ደወለ።

«ኤልፍዬ።»

«ወዬ» አለች። እሱ ሲጠራት ሁልጊዜ የምትመልሰው እንደዚህ ነው። «ወዬ» ስትል ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር ስለሚለሰልስ፣ ዳኛቸው አንዳንዴ የሚላት ነገር ሳይኖረው ሁሉ ይጠራታል።

«ጋሼ ነገ አብራን ትምጣ ብለዋል። ጄኪል ደሴት።»

ኤልፍነሽ የስልኩን እጀታ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። በልቧ ስትጠብቃት የኖረችው ቀን ነበረች፤ ስትመጣ ግን አስፈራቻት። ዳኛቸውን የምታውቀው የነርስ ረዳት ሆና ከምትሠራበት ሆስፒታል ፓርኪንግ ነው፤ እሱ እዚያ የሰው መኪና ተቀብሎ የሚያቆም ሠራተኛ ነበር። ከሺፍት ስትወጣ በረዶም ይሁን ዝናብ መኪናዋን አሙቆ ይጠብቃት ነበር። ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረና ሁለት ዓመት ሞላው። ችግሩ አንድ ነው። እሱ ከእነ ጋሽ ኃይለመስቀል ቤት፣ ቅዳሴ ከማይቀርበት ቤት ነው። እሷ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ፣ በሰፈሩ ቋንቋ ጴንጤ። በዚያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚህ የተነሳ ስንት የተጣጣመ ፍቅር ሳይሆን ቀርቷል።

«ዳኙ፣ ጴንጤ መሆኔን ነግረሃቸዋል አይደል?»

«ስለ አንቺ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ሪላክስ አድርጊ። እሳቸው እሺ ካሉ ሽማግሌ ይላካል፤ በቃ አለቀ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ተንበርክካ ጸለየች። ከዚያ ተነሥታ ዶሮ መጥበስ ጀመረች። ሽማግሌ ፊት በባዶ እጅ አይቀረብም ብላ ነው እንግዲህ፤ ወቅቱ ጾም መሆኑን የነገራት ሰው የለም። ዶሮውን እያገላበጠች ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር። ደስ ብሏት ነበር፤ ከልቧ።

*

ገና ሳይነጋ የጋሽ ኃይለመስቀል ኦልድስሞቢል ደጇ ቆመ። የሚነዳው ዳኛቸው ነው። ከጎኑ ጋሽ ኃይለመስቀል ተቀምጠዋል፤ ነጭ ጺም፣ ሰማያዊ ኮፍያ፣ ቀጥ ያለ ትከሻ። ኋላ ደግሞ የልብ ወዳጃቸው አቶ አክሊሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን አደሩ?»

ኤልፍነሽ የምሳውን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የተጠበሰው ዶሮ ሽታ ቀስ እያለ መኪናውን ሞላው። ሽማግሌው አንዴ በአፍንጫቸው ሳብ አደረጉ፤ ከዚያ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያዩ ጀመር።

መንገዱ ረጅም ነው። ዳኛቸው በመስታወቱ ውስጥ ደጋግሞ አያት። በሌላ ጊዜ ይህ እይታ እሷን ለማሳቅ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑ ዓይኗ ላይ አይቆይም፤ ገና ስታየው ይሸሻል። ሽማግሌዎቹን አፍሮ ነው ብላ አሰበች። እንደዚያ ብላ ማሰብ ስለፈለገች ነው።

ጄኪል ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታለች። ፒር የሚሉት ረጅም የመርከብ ድልድይ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ ገብቷል። ጥቅምት ቢሆንም አየሩም ውሃውም ሞቃት ነው፤ ኤልፍነሽ አሸዋው ላይ ወርዳ እጇን ስታስነካው ለብ ያለ የእግር ማጠቢያ ውሃ መሰላት። ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት የሚይዙ ጀልባዎች ከሩቅ ይታያሉ፤ አፈ ትልልቅ የባሕር ወፎች ከኋላቸው ይከተላሉ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ዘንጎቹን በድልድዩ አጥር ላይ ደርድረው መንጠቆው ላይ የተቆረጠ ትንሽ ዓሣ ሰኩ፤ ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ አንጠልጥለው ወረወሩ። ከዚያ ዞር ብለው ሕጋቸውን ነገሯት።

«እዚህ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ዓሣ የያዘ ሰው ዘንጉን ማንም አይነካበትም። ቢደክመውም፣ ቢጮኽም፣ ሌላ ሰው አያግዘውም። የሌላ እጅ ከነካው ዓሣው የማንም አይደለም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ጎሽ። በይ ወለተ ማርያም፣ ያንን ባልዲ አቀብይኝ።»

ኤልፍነሽ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አንዲት ገለባ ባርኔጣ ያደረገች አሜሪካዊት አሮጊት ብቻ ነበረች፤ እሷ ወለተ ማርያም ልትሆን አትችልም። ተመልሳ ስትዞር ዓይኗ ከዳኛቸው ዓይን ጋር ተጋጨ። አሁን አልሸሸም። እየለመናት ነበር።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባት።

«አቤት» አለች፣ ዘግይታ። ባልዲውንም አቀበለች።

ትንሽ ቆይታ ዕቃ ለማምጣት ብላ ወደ መኪናው ስትሄድ ዳኛቸው ተከተላት።

«ምንድን ነው ይሄ ነገር?» አለች በሹክሹክታ።

«ኤልፍዬ፣ ኤክስፕሌይን አደርግልሻለሁ። ስለ አንቺ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ የክርስትና ስሟ ማን ነው ብለው ነው። የለም ማለት አቃተኝ። ወለተ ማርያም የሚል ከአፌ ወጣ።»

«ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ አላልከኝም?»

«ቀስ ብዬ ልነግራቸው ነው። አንዴ ይወዱሽ እንጂ ሌላው ይደርሳል። ለዛሬ ብቻ፤ ፕሊስ።»

አባቷ ትዝ አሏት። ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን በዘጋ ጊዜ አባቷን አስረው አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠየቋቸው፤ «አላምንም በልና ወደ ልጆችህ ሂድ።» አባቷ ያንን ቃል አላሉም። ፀጉራቸው እስር ቤት ሸበተ። እሷ ደግሞ እዚህ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ባልዲ ለማቀበል በማታውቀው ስም አቤት አለች። ክብ የዓሣ መረቡን ከመኪናው አንሥታ ወደ ድልድዩ ተመለሰች።

*

ምሳ ሲደርስ ነገሩ ባሰ። ጋሽ ኃይለመስቀል አዚፋቸውን በዳቦ አወጡ። ኤልፍነሽ ሣጥኗን ስትከፍት ያ ሁሉ ወርቃማ ዶሮ ለፀሐይ ተገለጠ። አቶ አክሊሉ ከእንቅልፋቸው የነቁት በዶሮው ሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ አንገታቸውን አስግገው አዩና ቶሎ ወደ ባሕሩ ዞሩ።

«የኔ ነው!» አለ ዳኛቸው ሣጥኑን ነጥቆ። «እኔ ነኝ ሥሪልኝ ያልኳት። እኔ ጽጌን አልጾምም፤ ጋሼ ያውቃሉ። እሷ ጿሚ ናት።»

«እንደዚያ ነው ወለተ ማርያም?» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

ኤልፍነሽ ከንፈሯን ነከሰች። አዎም አላለች፣ አይደለምም አላለች። የሰጧትን አዚፋ ተቀብላ በላች፤ ጣዕሙን ግን አላወቀችውም። ዳኛቸው ከጎኗ ዶሮውን ጉሮሮው እየተናነቀው ይውጣል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በሞተች። አሁን ይህን ሰው እያየች የምታስበው ሌላ ነበር፤ ነገ ካገባኝ፣ ልጅ ከወለድን፣ እናቴ ደብዳቤ ከጻፈች፣ ሁልጊዜ እንዲህ ሣጥኑን እየነጠቀ ሊደብቀኝ ነው? ትወደዋለች። የሚያስጨንቃትም መውደዷ ነበር፤ ባትወደው ኖሮ ተነሥታ ትሄድ ነበር።

ባሕሩ ሞልቶ ውሃው ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምር፣ በእሷ በኩል ያለው ዘንግ አንዴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ክሩም እየጮኸ ይወጣ ጀመር።

«ያዢው!» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል ከወንበራቸው ዘለው።

ኤልፍነሽ ዘንጉን ታቀፈችው። ታች ያለው ነገር ጎትቶ ከአጥሩ ጋር አጣበቃት። እንዲህ ዓይነት ጉልበት ከውሃ ውስጥ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

«ሲሮጥ ተይው! ሲቆም ጠቅልይ!»

ሮጠ፤ ተወችው። ቆመ፤ ጠቀለለች። እንደገና ሮጠ። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ መዳፏ ተላጠ፣ ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ዳኛቸው አጠገቧ ቆሞ ሁለት እጆቹን ዘረጋ፤ ልቡ አልቻለም።

«ኤልፍዬ፣ ስጪኝ!»

«አትንካ!»

እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ። በዚያ ሁሉ ትግል መሃል አየችው፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፣ ከእሷ ጋር አብሮ ይጎብጣል፣ አብሮ ይተነፍሳል፤ ግን አልነካም። አንጀቷን በላው። ሕግ ይህን ያህል የሚያከብር ሰው ያንን ውሸት እንዴት ዋሸ ብላ ተናደደችበትም።

በመጨረሻ ዓሣው ከውሃው በላይ ብልጭ አለ። እንደ መዳብ የቀላ፣ ግዙፍ፣ ጅራቱ ሥር አንድ ጥቁር ነጥብ ያለው። አሜሪካኖቹ ሬድፊሽ ይሉታል። አቶ አክሊሉ ክቡን መረብ በገመድ አውርደው ከሥሩ አስገቡና ሳቡት። ድልድዩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ባለ ባርኔጣዋ አሮጊት አፏጨች።

«እኔ በዚህ ድልድይ ላይ እንዲህ ያለ ይዤ አላውቅም!» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። ፖላሮይድ ካሜራቸውን አምጥተው ከዓሣው ጋር አነሷት። ፎቶው እየነጣ እየጠቆረ ሲወጣ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው መዘዙ። ዓሣ የያዘ ሰው ፎቶው ጠርዝ ላይ ስሙ ይጻፋል፤ ልማዳቸው ነው።

«ወለተ... ማርያም» እያሉ ጻፉ።

ኤልፍነሽ የተላጠ መዳፏን አየች። ከዚያ ፎቶውን አየች።

«ጋሼ፣ ወለተ ማርያም አይደለሁም» አለች።

እስክሪብቶው ቆመ።

«ኤልፍነሽ ነኝ። ሌላ ስም የለኝም። እኔ ጴንጤ ነኝ። ዶሮውም የኔ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነበር የሠራሁት፤ ጾም መሆኑን አላወቅኩም። ጠዋት አቤት በማለቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄን ዓሣ ግን ማንም አልነካልኝም፤ እኔ ነኝ የያዝኩት። በሌላ ሰው ስም እንዲጻፍ አልፈልግም።»

ዳኛቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አቶ አክሊሉ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ኃይለመስቀል የእስክሪብቶውን ክዳን መልሰው ገጠሙ።

«ስሙን ያወጣላት ማን ነው?» አሉ፣ ወደ እሷ ሳያዩ።

«እኔ ነኝ» አለ ዳኛቸው።

«መቼ ነው የቀሰስከው?»

«ጋሼ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ እስከ ዛሬ ጠዋት አታውቅም ነበር። በእሷ አፍሬ አይደለም። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

«እሱን ለእኔ አትንገረኝ።» ወደ ኤልፍነሽ ዞሩ። «እኔ ልጄ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ጠዋት ጠዋት ስም ጠሪ ነበርኩ። አንዳንዱ የቀረ ጓደኛውን ለመሸፈን በእሱ ስም አቤት ይላል። ሁልጊዜ አውቅባቸው ነበር፤ በራሱ ስም የተጠራ ሰው አይዘገይም። አንቺ ዛሬ ጠዋት ዘግይተሻል። እስኪ መቼ ትናገራለች ብዬ ነው ስጠብቅ የዋልኩት።»

ከዚያ ዓሣውን በጣታቸው አመለከቱ።

«አሁን ዓሣው እንዳይሞት ወስኚ። ያንቺ ነው። ትለቂዋለሽ ወይስ ትወስጂዋለሽ?»

መልቀቁ ቀላሉ መንገድ ነበር። እንደ እሳቸው ብትለቀው ደስ ይላቸዋል፤ ታውቃለች። ግን እሱም ሌላ ዓይነት አቤት ሆኖ ታያት።

«እወስደዋለሁ» አለች። «እኔ አልጾምም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶውንና እስክሪብቶውን ለዳኛቸው ሰጡት። «አንተ ነህ ያበላሸኸው፤ አንተ አርመው። ስትጨርስ በስሟ ጥራት።»

ዳኛቸው የተጻፈውን ሰርዞ ስሟን ጻፈ። ቀና ብሎ አያት። «ኤልፍነሽ» አለ። ድምጹ ተሰነጠቀ።

አልመለሰችም። መመለስ ፈልጋ ነበር።

«ዘንጌን እኮ አልነካህም» አለችው ቀስ ብላ። «ስሜን ነው የነካህብኝ።»

«እንዳላጣሽ ብዬ ነው።»

«እና ማንን ልታገኝ ነበር ዳኙ? ወለተ ማርያምን? እኔ እሷን አላውቃትም። አንተም አታውቃትም።»

ፎቶውን ከእጁ ወስዳ ወደ መኪናው ሄደች። ባሕሩ ከኋላዋ ይጮኻል፤ እንዲህ ያለ ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

*

ወደ አትላንታ ተመለሱ። ዓሣው በበረዶ ሣጥን ውስጥ ከኋላ ተጭኗል። ዳኛቸው በመስታወቱ ውስጥ ያያት ነበር፤ ግን አሁን አይለምናትም፣ አይሸሽምም። ዝም ብሎ ያያል፤ ይቅርታ ማለት ያለበትን ሰው እንደሚያይ ሰው። ኤልፍነሽ ፎቶውን እንደያዘች ነው። የተሰረዘው ስም ከሥር ይታያል። ከላዩ የተጻፈው ጽሑፍ ጠማማ ነው፤ በስሟ መጀመሪያ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም። ጠበቅ አድርጎ ነበር የጻፈው። ደጋግማ በጣቷ ዳሰሰችው።

የአፓርታማዋ ፓርኪንግ ሲደርሱ መሽቷል፤ ኤልፍነሽ ከመኪናው ወረደች። ጋሽ ኃይለመስቀል መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፍሪዘር አለሽ?»

«አለኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዓሣውን አትብይው። ኅዳር ስድስት ጽጌ ይፈታል። እኔና አክሊሉ ያን ሰሞን ቅዳሜ ቀን እንመጣለን፤ ጥበሽልን። ስንመጣ ደግሞ ለመብላት ብቻ አይደለም።»

አቶ አክሊሉ ከኋላ ሆነው፣ «እኔ ግን ለመብላትም ነው» አሉ።

ኤልፍነሽ ፎቶውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ሃይማኖቱ ቀላል ነገር አይደለም» ቀጠሉ ሽማግሌው። «እኔም የሚከብደኝ ነገር አለ፤ አልዋሽሽም። እሱን ተቀምጠን እንነጋገርበታለን፤ አባትሽም በደብዳቤ ይጠየቃሉ። ዋሽታ ከምትገባልኝ ግን እውነቷን ነግራ ደጅ የምትቆመዋን እመርጣለሁ። ያም ሆኖ ሽማግሌ የሚላከው ልጅቷ ልጁን ስትፈልገው ነው። ትፈልጊው እንደሆነ ዛሬ አላውቅም። እሱም አያውቅም።» መስኮቱን መልሰው ዘጉ።

ዳኛቸው የበረዶውን ሣጥን ተሸክሞ እስከ ደረጃው ሥር መጣ። እዚያ አስቀመጠው። ሊከተላት እግሩን አንሥቶ ተወው፤ እጆቹን እንደ ድልድዩ ላይ ወደ ኋላው አጣመረ። ኤልፍነሽ ደረጃውን እየወጣች ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ። ቤቷ ገብታ በሩን ብትዘጋ ነገሩ እዚያው እንደሚያልቅ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

እሱን መተው ትችል እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። ሲዋሽ አየችው። ሲጠየቅም ደግሞ በእሷ ላይ አላላከከም፤ ሁሉ ሰው ፊት እኔ ነኝ አለ። ልቡ እየተሰነጠቀም ዘንጓን አልነካም። ፈሪ ነው፤ ግን ፈሪነቱን አይክድም። ልቧ ሙሉ በሙሉ አልሻረም። ሊሽር እንደሚችል ግን ተሰማት።

«ኤልፍነሽ!» አለ ከታች። እንደ ድሮው ኤልፍዬ አላላትም። ሙሉ ስሟን፣ ጮክ ብሎ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጠራት።

ጋሽ ኃይለመስቀል መኪናው ውስጥ ጆሯቸውን አቁመው ነበር።

«ወዬ!» አለች።

አልዘገየችም።